ማን ነገረበት?

መንግሥቴና እዮብ ጥቅምት ላይ የመጀመሪያ ማራቶናቸውን ሊሮጡ ነበር። አሰልጣኛቸው አድማሴ ከወረታ ልጆች መካከል ለዚህ ርቀት ይሆናሉ ብሎ የመረጠው እነሱን ብቻ ነው። ሲመርጣቸውም አንድ ነገር አስጠንቅቋቸዋል።

«እኔ ሳልፈቅድ አንድም ሌላ ውድድር እንዳትገቡ። ክረምት ላይ የበተናችሁትን ጉልበት ማራቶኑ ላይ አታገኙትም።»

ሁለቱም እሺ አሉ። እዮብ የተባለውን አደረገ። መንግሥቴ ግን ሩጫ አለ ሲባል እግሩ አላስቀምጥ አለው።

ሰኔ ላይ ሐሙሲት የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ተዘጋጀ። መንግሥቴ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ፤ እዮብም ልብሱን ሊይዝለት አብሮት ሄደ። መንግሥቴ አንደኛ ወጣ።

አባቱ አቶ ሰውመሆን ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። የፎገራ ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን ያሠራቸዋል እንጂ ለሠርጉ አይጠራቸውም። ያን ዕለት ልጃቸው ዋንጫ ይዞ ሲገባ ወናፉን ትተው ተነሡ።

«ጋሼ አድማሴ ናቸው የላኩኝ» አላቸው፤ ልምምድ ትተህ የት ዋልህ ብለው እንዳይቆጡት።

አባቱ ግንባሩን ሳሙት። ለጎረቤት ሊያሳዩ ዋንጫውን ይዘው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት አድማሴ የልምምድ ሜዳው ዳር ቆሞ ጠበቀው።

«ሐሙሲት እንዴት ነበር?»

መንግሥቴ ደነገጠ። «ማን ነገረዎት?»

«የነገረኝን ተወው። ሁለተኛ እንዳይለምድህ።»

መንግሥቴ ቀስ ብሎ ወደ እዮብ ዞረ። እዮብ አጎንብሶ የጫማውን ክር ያስር ነበር።

ሐምሌ ላይ አዲስ ዘመን ሮጦ ሌላ ዋንጫ ይዞ ገባ። መሄዱን አስቀድሞ የነገረው ለእዮብ ብቻ ነው። በማግስቱ አድማሴ አወቀ። ነሐሴ ላይ የቡሄ ዕለት ደብረ ታቦር ወጥቶ ዳገቱን ሁሉ እየመራ ጨረሰ። ይህንንም አድማሴ አወቀ።

«ይኼ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዬ ነው» አለው። «አንድ ሌላ ውድድር ብትገባ ማራቶኑን እዮብ ብቻውን ይሮጠዋል።»

እዮብ ብቻውን። መንግሥቴ ይህችን ቃል ቤቱ እስኪደርስ አመነዠካት።

በዚያው ሳምንት እዮብና አድማሴ ከሜዳው ጥግ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ አገኛቸው። ሲያዩት ዝም አሉ።

ሲመለሱ መንግሥቴ እዮብን መንገድ ላይ አስቆመው። «አንተ ነህ ወሬዬን የምታመላልሰው?»

«በማርያም! አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም።»

«እና ማን ነው? ወፍ ነው?»

«እኔ እንጃ ወንድሜ። እኔ ግን አይደለሁም።»

መንግሥቴ ሣቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እዮብም ነገሩ ያለቀ መስሎት ደስ አለው።

መስከረም ሲጠባ የርብ ወንዝ ውኃ ገና ከፎገራ ሜዳ ላይ አልወረደም። በሩዝ ማሳዎቹ መካከል የሚያልፈው የአፈር መንገድ ቦታ ቦታው ላይ ተውጧል። አንድ ቦታ ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ በጎርፍ ተሰብሮ ጉድጓድ ከፍቶ ነበር። ከላይ ሲታይ ጠፍጣፋ ውኃ ነው። ገበሬዎቹ ሰውና ከብት እንዳይገባበት ጨርቅ ያሰሩበት ዘንግ ተክለውበታል።

ረጅሙን ሩጫ የሚሮጡበት ቀን መንግሥቴ ቀድሞ ወጣ። ዘንጉን ነቀለና ሩዙ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ ተመልሶ እዮብን ከቤቱ ጠራው።

ጎን ለጎን ሮጡ። እዮብ ስለ ማራቶኑ ያወራል። ሠላሳውን ካለፍን በኋላ እየተጠባበቅን እንጨርሳለን፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትተዋል ይላል። ውኃው ጋ ሲቃረቡ መንግሥቴ ፍጥነት ጨመረ። እዮብም ተከተለው። መንግሥቴ ቦታውን ያውቃልና ዘለለው።

እዮብ አልዘለለም።

የአጥንቱ ድምፅ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። መንግሥቴ ተመለሰና ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አለ። እዮብ ደረቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሆኖ እጁን ዘረጋለት።

«ይኼ ለምላስህ ነው» አለው መንግሥቴ።

እዮብ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔ አልነበርኩም እኮ» አለ።

መንግሥቴ ጎትቶ አወጣውና ባጃጅ ፍለጋ ሄደ። አልሮጠም።

ሐኪሙ እግሩ ይድናል፣ ሩጫን ግን እርሳው አለው። እዮብ ለጠየቀው ሁሉ አዳልጦኝ ነው ብሎ መለሰ። እናቱ ዘንጉን ማን ነቀለው እያለች ሰፈሩን አዳረሰች፤ መልስ የሰጣት የለም። መንግሥቴ ሊጠይቀው አልሄደም፤ ልምምድ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ውድድር አልገባም። እግሩም እንደዚያ ቀሎት አያውቅም።

ለማራቶኑ ጉዞ ጥቂት ቀን ሲቀር አድማሴ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ፊቱ ጠቁሯል።

«እንግዲህ ብቻህን ቀረህ» አለው።

«ይሻለኛል ጋሼ። ወሬ የሚያቀብል ጓደኛ ባጣ ምን ይጎድልብኛል?»

«የምን ወሬ?»

«ሐሙሲትን፣ አዲስ ዘመንን፣ ደብረ ታቦርን የነገረዎት እዮብ አይደል?»

አድማሴ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየው።

«እዮብማ አንተን እንዳላስቀርህ ሲለምነኝ ነው የከረመው። የነገሩኝ አባትህ ናቸው፤ አልላክሁትም ብዬ ደስታቸውን ማጥፋት አልሆነልኝም፤ ባሸነፍህ ቁጥር ይደውሉና ‹ልጄን ልከህ ስላሸለምህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ይሉኛል።»