ከሠዓሊው እጅ በቀጥታ

ሁለቱ ሠዓሊዎች የሚሠሩት ጎን ለጎን ነው፤ የሚለያቸው ስስ የጣውላ ግድግዳ ብቻ። የጋራ በራቸው ላይ «ኦሪጅናል ሥዕል፣ ከሠዓሊው እጅ በቀጥታ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፉን የጻፈው አንጋፋው ነው። የሚሸጥለት ግን ቀጭኑ ወጣት ነበር።

ቀጭኑን ብሩሽ አያያዝ ያስተማረውም ራሱ አንጋፋው ነው።

በየቅዳሜው አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት ትመጣለች። ቀጥ ብላ ቀጭኑ ዘንድ ትገባና ሁለት ሦስት ሥዕል ታቅፋ ትወጣለች። አንጋፋው በጣውላው ስንጥቅ ያያታል። ቅናት አንጀቱን ይበላዋል።

«ያ እኮ ሥዕል አይደለም» አላት ለሚስቱ። «ቀለም መግዣ ስለሌለው አቅጥኖ የሚለቀልቀው ነው። ሸራው ሁሉ ከሥር ይታያል።»

«ታየም አልታየም ተሸጧል። ያንተ ግድግዳ ተደግፎ ያዛጋል።»

የሚስቱ ወንድም ቤት ቀቢ ነው፤ ረዳት ይፈልጋል። «እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ እንኳ ካልሸጥክ ከእሱ ጋር ትወጣለህ» አለችው።

«እኔ? ግድግዳ ልቀባ?»

«ሁለት እጅ ነጭ ለቅልቆ መግባት ነው። ምን ነውር አለው?»

ሠላሳ ዓመት ሠዓሊ ተብሎ ኖሮ በስተርጅና የቀለም ባልዲ መሸከም ሞት መስሎ ታየው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሴትዮዋን በር ላይ ጠበቃት።

«እስቲ የእኔንም ይመልከቱ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።»

ገባች። ትልቁን ሥዕሉን አነሳችና ገለበጠችው። የእንጨቱን ማዕዘን ነካካች፤ ሸራውን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤ በክንዷ ለካችው። ከዚያ መልሳ ገልብጣ መዳፏን ቀለሙ ላይ አሳለፈች።

«ይጎረብጣል» አለች። «የምገዛው ለልጄ ነው፤ እንዲህ ያለውን አትወድልኝም።»

«ስለ እኔ የነገረዎት ነገር አለ አይደል? ያ ጎረቤቴ?»

«ምን ይነግረኛል?» ብላ ግራ እንደገባት ወጣች።

አንጋፋው ግን ነገሩ የገባው መሰለው። ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጭኑን ዓይንህን ላፈር አለው።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ቀጭኑ አንድ ጠዋት። «ወደ እርስዎም እንድትገባ ስነግራት ነው የከረምኩት እኮ።»

አንጋፋው በሩን ዘጋበት።

ከዚያ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ። የሸራውን ልክ ከቀጭኑ ጋር አስተካከለ፤ ቀለሙን አቀጠነ፤ ዋጋውንም ቀነሰ። በሦስት ሳምንት አሥራ አንድ ሥዕል ጨረሰ። አሥሩን የሠራው በእልህ ነው። አሥራ አንደኛው፣ ሚስቱ ስትስቅ የሚያሳየው፣ እንዴት እንደመጣለት ራሱም አላወቀም። ፊቷ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ሸራው ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም፤ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሴትዮዋ መጣች። መዳፏን አሳለፈችና ፈገግ አለች።

«እነዚህስ ጥሩ ናቸው። ደርቀዋል?»

«ደርቀዋል።»

«ሁሉንም እወስዳለሁ።»

«የልጅዎን ስም ከጀርባ ልጻፍባቸው?»

«አይ፣ አይድከሙ።»

ቀጭኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሴትዮዋ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው አለፈች። አንጋፋው እንደዚያን ቀን ምሳ ጣፍጦት አያውቅም።

«ወንድምሽን ባልዲህን ራስህ ተሸከም በዪው» አላት ለሚስቱ።

እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረችውም። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ይኼኔ ፊቴ የማን ሳሎን ተሰቅሎ ይሆን?» አለች።

ይኼኔ የሥዕል ተማሪ የሆነችው የሴትዮዋ ልጅ የእናቷን ሸክም ተቀብላ፣ ከሁሉ በላይ ያለችውን የምትስቅ ሴት ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ ሰፊውን ብሩሽ ባልዲው ውስጥ ነክራለች።

«እማዬ፣ የዛሬዎቹ ሸራዎች ከበፊቶቹም ይሻላሉ፤ አንድ እጅ ነጭ ይበቃቸዋል።»