መታጠቢያው የጋራ ነው

በመጫወቻ ፓርኩ ግቢ ውስጥ ያለው ሆቴል ዋጋው አይቀመስም። ከበሩ ፊት ለፊት ያሉትም ቢሆኑ እሱን አይተው የሰቀሉ ናቸው። አባትየው ስልኩን ሲነካካ ሰነበተና በመጨረሻ ከፓርኩ ጀርባ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አለፍ ብሎ አንድ ፔንሲዮን አገኘ።

«አልጋው ሰፊ ነው፤ ለሕፃን አያስከፍሉም፤ በእግር ይደረሳል» አለ።

«መታጠቢያውስ?» አለች እናትየው።

«የጋራ ነው።»

እናትየው ፊቷን አጨፈገገች። ግን ለልጃቸው ለሚጡ ቃል ተገብቶላታል። ታናሽ ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ልጅቷ የኔ የምትለው ቀን አላገኘችም። አንድ አዳር ምን አላት፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብላ እሺ አለች።

ማለዳ ሲደርሱ ፔንሲዮኑ ገና ከደጁ ይሸታል። የኮሪደሩ ምንጣፍ ጫማ እየያዘ አልለቅ ይላል። እናትየው አንሶላውን ገልጣ አሸተተችው፤ ትራሱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የለሃጭ ካርታ አየችና ከቤት ያመጣችውን ጨርቅ አለበሰችው።

መታጠቢያ ቤቱ ግን ባሰ። እርጥብ ውሻ ያደረበት ይመስል ይከረፋል። የውሃ መውረጃው ላይ ቢጫ ጸጉር ተድቦልቡሎ ተወትፏል። በሶፍት ይዛ ብትጎትተው እየተሳበ ይመጣል እንጂ አላልቅ አለ።

«ይሄ የማን ነው?» ብላ የቤቱን ባለቤት ጠየቀቻት።

«ከናንተ ሌላ ያለው የጥጉ ክፍል ሰውዬ ብቻ ነው፣ እህቴ።»

አፏን ሳትዘጋ የጥጉ ክፍል በር ተከፈተና ሰውየው ትልቅ ሻንጣ አንጠልጥሎ ወጣ። አንገቱን ደፍቶ በአጠገባቸው አለፈ። ራሱ ላይ ለመድኃኒት የሚሆን ጸጉር የለም።

እናትየው የባሏን ክንድ ጎተተች። «አየኸው? ታዲያ ያ ሁሉ ጸጉር የማን ነው?»

«እንግዳ መጥታበት ይሆናላ» ብሎ ሳቀ።

«ልጆች ባሉበት ቤት! እሰይ፣ ርካሽ አገኘሁ ብለህ ጥሩ ቦታ ነው ያመጣኸን።»

ፓርኩ ውስጥ ቀኑ ሳይታወቅ ሄደ። ሚጡ ባቡሩ ላይ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። አይስክሬሙን ቀሚሷ ላይ ደፋችው። በሁለት እግሩ ከሚሄደው የፓርኩ አንበሳ ጋር ፎቶ ተነሳች፤ ተጠመጠመችበት፤ በጆሮው ስታንሾካሹክ ቆይታ በግድ አላቀቋት። ከዚያ ደግሞ ጀልባ ካልወጣሁ ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሕፃኑ አባቱ ትከሻ ላይ አስታወከ። አባትየው የፀሐይ መነጽሩን የት እንደጣለው እስካሁን አያውቅም።

ወደ ማምሻው ሲመለሱ መታጠቢያ ቤቱ ተይዟል። ከውስጥ ውሃ ይንፎለፎላል፤ የረጠበ ከባድ ነገር ግድግዳ ላይ ዷ፣ ዷ ይላል። እናትየው ሚጡን በፎጣ ጠቅልላ ደጁ ላይ ቆመች። በመጨረሻ መላጣው ሰውዬ በካናቴራ ወጣ። ሻንጣውን አቅፎታል፤ ከሥሩ ቆሻሻ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከሰውነቱ የሚወጣው የላብ ክርፋት ከፊቱ ቀድሞ ደረሰ። እናትየው በፎጣው ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች።

ሰውየው ልጅቷን ሲያይ ፊቱ በራ። ጎንበስ አለ።

«ሚጡዬ! ጥርስሽ ወለቀ?»

ሚጡ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች።

«የምን ጥርስ?» አለች እናትየው። መልስ ሳትጠብቅ ልጅቷን እየጎተተች ክፍላቸው ገባች፤ አገጯን ይዛ አፏን ከፈተችው። እውነትም የታች የፊት ጥርሷ ሲነኩት ይወዛወዛል።

«መቼ ነው የተነቃነቀው?»

«ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«እኔን ደብቀሽ ለሰውየው ትነግሪዋለሽ?»

«ኧረ እማዬ፣ አልነገርኩትም! እኔ እሱን መች አውቀዋለሁ?»

እናትየውን ውርር አደረጋት። የወለደቻት እሷ የማታውቀውን ይሄ ሰው በምን አወቀው? በየትኛው ቀዳዳ ሲያይ ነበር? የቤት ስሟን እንኳ ሳይቀር! አባትየውም ሳቁ ጠፋ።

የቤቱ ባለቤት ተጠራች። «እኔ እንጃ» አለች። «ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ምን እንደሚሠራ ጠይቄው አላውቅም።»

«እንግዲያው እኔ እጠይቀዋለሁ» ብላ እናትየው በሩን ደበደበችው። ሰውየው ከፈተ። ክርፋቱ እንደገና ፊቷን መታት።

«አንተ ነውረኛ! የልጄን አፍ ውስጥ ያለውን በምን አወቅክ? ተናገር!»

ሰውየው ሊናገር አፉን ከፈተ። ሚጡ ከእናቷ ጀርባ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ ታየዋለች። እሷን አያትና አፉን መልሶ ዘጋው።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አለ ቀስ ብሎ።

«እህትህ አይደለሁም!» አለችና ወደ ቤቱ ባለቤት ዞረች። «አሁኑኑ ይውጣልኝ፤ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ።»

የቤቱ ባለቤት ፖሊስ ሲባል አላቅማማችም። ሰውየው ሻንጣውን አቅፎ ደረጃውን ወረደ። እናትየው በረኪና አስመጥታ መታጠቢያ ቤቱን፣ የበሩን እጀታ፣ እሱ የቆመበትን ወለል ሳይቀር ፈገፈገችው። እጇ እስኪላጥ ታጠበችና ልጆቿን በግራና በቀኝ አድርጋ ፈጣሪዋን አመስግና ተኛች።

ጠዋት ሚጡ ዳቦ ስትገምጥ ጥርሷ ወለቀ። አላለቀሰችም። በሶፍት ጠቅልላ በጭብጧ ያዘችው።

«አምጪው ላስቀምጥልሽ» አለች እናቷ።

«ፓርክ ይዤው ነው የምሄደው።»

ወደ ፓርኩ ሲሄዱ በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል አለፉ። አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ተጣጥፎ ተኝቷል። እናትየው መላጣውን ስታይ አወቀችው፤ ያ ክርፋት ባፍንጫዋ መጣባት። ልጇን ለመያዝ እጇን ሰደደች። ሚጡ ግን ሾልካ ሮጣለች። ሰውየው የተንተራሰው ሻንጣ ዚፑ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም።

ልጅቷ በዚፑ መሐል ወደ ወጣው ትልቅ ቢጫ የአንበሳ ጆሮ ጎንበስ ብላ፣ እናቷ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወለቀ» አለችው።