በባዶ ሆድ

ቆሽቴ ተቆጥቶ ሆስፒታል ስተኛ ይሄ አራተኛዬ ነው። ዛሬ ደግሞ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች የምትመስል ሐኪም መጥታ፣ "አባባ፣ አሁንም መጠጥ አልተዉም እንዴ? አምስተኛውን እኮ አይችሉትም" ትለኛለች።

እኔን! ለንስሐ አባቴ ከማልኩ ሁለት ፋሲካ አልፏል። ጠላ የለ፣ ጠጅ የለ፣ ቢራ የለ። በገዛ ልጄ ሰርግ፣ ሰው ቁርጥ ሲቆርጥ እኔ ቅቅል ድንች ስልጥ ዋልኩ።

"ጠጪማ ያውልሽ" ብዬ የጎን አልጋውን ሰውዬ በአገጬ አሳየኋት። ጉሉኮስ ተሰክቶለት እንኳ ስለ ድራፍት የሚያወራ ወራዳ ነው።

"ታዲያ ሕመሙ ለምን ይመላለሳል?"

"እሱን የተማርሽው አንቺ አይደለሽም?"

አልተቆጣችም። "ሆድዎን ሲቆርጥዎት ቤት ምን ይወስዳሉ?" አለች።

አልጋዬ ጫፍ የተቀመጠችው ባለቤቴ ደስ ብሏት ከዘንቢሏ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። "ይሄን ነዋ! ቢያመውም ባያመውም ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ። ነጭ ሽንኩርቱን እኔው ነኝ የምዘፈዝፍለት፤ አንድ ቀን አጓድዬበት አላውቅም።"

ሐኪሟ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

"አባባ፣ ይሄ እኮ አረቄ ነው።"

"ስሚ ልጄ፣ መጠጥ ቢሆን በባዶ ሆድ ይወሰድ ነበር?"

ጠርሙሱን ከድና ኮሜዲኖው ላይ አስቀመጠች። ይሄን ሁሉ ዓመት አስተምረዋት መድኃኒትና መጠጥ አትለይም። ፊቷን ወደ ጎን አልጋው ስታዞር ባለቤቴ ጠርሙሱን አንስታ ለነገ ጠዋት ትራሴ ሥር ሸጎጠችልኝ።