የአድራሻው ወረቀት

አለቃው በክፍሉ ካሉት ሁለት ሰርቨሮች በግራው ላይ በገዛ እጁ ወደለጠፈው ወረቀት ጣቱን ቀሰረ። “የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚገናኙበት አድራሻ እዚህ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። የሚጮኸውን የቀኙን ንቀይው።”

“ሁለቱ የሚጋሩት አንድ አድራሻ ነው፤ ያልተበላሸው ይይዘዋል” አለች የኮምፒውተር ባለሙያዋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። “ግራው ጠዋት ሥራ አቁሟል፤ የቀኙ የሚጮኸው ብቻውን ስለቀረ ነው። አሁን ሆስፒታሉ በሙሉ የሚሠራው በቀኙ ነው፤ ይኸው ይዩት።”

“እኔን ልታስተምሪኝ ነው?” ስክሪኑን አላየም። ገፍቷት አለፈና የቀኙን ገመድ መዥርጦ ነቀለው። “ይኸው፣ ጸጥ አለ።”

ጸጥታው አልቆየም። መጀመሪያ ከፋርማሲው ስልክ ተደወለ፤ ቀጥሎ ከካርድ ክፍሉ፤ ከዚያ ከሁሉም። እሷ ወረቀቱን በጥፍሯ ላጠችና የሸሚዙ ኪስ ላይ ለጠፈችለት።

“አሁን አድራሻው እርስዎ ጋ ነው” ብላ ስልኩን አቀበለችው።