የሻለቃ ክፍል

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ወር ከአራት ቀን ሆነ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሳንሰር ሲጠግን ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ ባልደረባ ነበረች። ሁለቱ በአንድ መድኃኒት ቤት ይሠሩ ነበር፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ አንድ የጠፈር ጌም አብረው ይጫወቱ ነበር።

«ተቀምጠሃል?» አለችው።

«ተንጠልጥያለሁ። ምንድን ነው?»

«ሻለቃ ጌሙ ውስጥ ነው።»

ሻለቃ ሚስቱ ነበረች። መጀመሪያ በራሷ ስምና በራሷ ድምፅ ነበር የገባችው። ወንዶቹ ድምፅዋን ሲሰሙ «ሂጂ፣ ድስቱ እንዳያርርብሽ» ብለው ሳቁባት። ስሟን ለወጠች፣ ማይኩን ዘጋች፣ በስድስት ወር ውስጥ መርከባቸውን የምታዝ እሷ ሆነች። አሥራ አንድ ወንዶች «እሺ ሻለቃ» እያሉ ሲታዘዙ፣ እሷ የልጇን ዳይፐር እየቀየረች ትስቅ ነበር።

«ማን ነው የገባው?»

«ፓስዎርዷን የሚያውቅ ሰው። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይገባል፣ አራት ሰዓት ይወጣል። አይዋጋም፣ ለማንም አይመልስም። በቀጥታ የግል ክፍሏ ይሄድና ይቆማል። እኔ ካርታው ላይ ነው የማየው፤ ክፍሉ ለባለቤቱ እንጂ ለሌላ አይከፈትም።»

«ቆሞ ምን ይሠራል?»

«የሌባ ጠባይ ነው። አካውንት የሚሰርቁ ሰዎች መጀመሪያ እንደዚህ ቆመው ዕቃውን ያጠናሉ። ከዚያ አራግፈው ይሸጡታል። ደግሞ የጉዞ ማስታወሻዋ እዚያ ነው ያለው። በድምፅዋ የቀዳችው። ስሟን ከለወጠች ወዲህ ሌላ ቦታ ማይክ ከፍታ አታውቅም።»

መፍቻውን አስቀመጠ። የሚስቱ ስልክ ሆስፒታል ውስጥ ጠፍቶ ቀርቷል። እሱ ጋ ፎቶ እንጂ ድምፅዋ የለም። አንድ ሌባ ግን በየጠዋቱ እየሰማት ነው።

ቤት ውስጥ ላፕቶፕ የለም። በቀብሩ ማግስት አማቱ «ይህን የተኩስ ዕቃ ከዓይኔ አርቅልኝ» ብለውት ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥቶታል። ድሮም አይወዱትም ነበር። «ልጇን ታቅፋ ጠፈር ለጠፈር የምትዞር እናት አየሁ» ይሉ ነበር። ሆስፒታል ሲያስታምሟት ብቻ ዝም አሉ። ልጃቸው ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጫወት፣ እሳቸው አጠገቧ ሹራብ ይሠሩ ነበር።

«ፓስዎርዱን ማን ያውቃል?» አለ።

«ጥርሱ።»

ጥርሱ የሚሉት የመርከቡን ምክትል ነው። የድስቱን ቀልድ ያመጣው እሱ ነበር። ሻለቃ ሲታመም ግን በሻለቃ አካውንት ገብቶ ተራውን አንዳንዴ እሱ ይጫወትለት ነበር።

በማግሥቱ መድኃኒት ቤት ሄዶ፣ በባልደረባዋ ስልክ ለጥርሱ ጻፈለት።

«በሚስቴ አካውንት የምትገባው አንተ ነህ?»

«የማን ሚስት?»

«ሻለቃ ሚስቴ ናት። ሞታለች።»

መልሱ ዘገየ።

«ሻለቃ ሴት? ሂድ ባክህ፣ ሌላ ሰው ሸውድ።» ጥርሱ ይህን ጽፎ መስመሩን ዘጋ።

«አየህ?» አለች ባልደረባዋ። «ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሸሻል?»

ለጌሙ ኩባንያ ጻፈ። መልሱ አጭር ነበር። የሟች አካውንት ለማንም አይተላለፍም። ቤተሰብ የሞት ምስክር ወረቀት ከላከ ይሰረዛል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከጠፋ አይመለስም።

ምስክር ወረቀቱ አማቱ ጋ ነበር። አማቱ ሰሞኑን ለጉልበታቸው ፊዚዮቴራፒ ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ትንሿን ልጅ ጎረቤት ጋ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ የእጃቸውን አንጓ እያሹ ይመለሳሉ።

«ለምንህ ነው ልጄ?»

«ለመሥሪያ ቤት ነው፣ እማማ።» ስለ ጌሙ ሊነግራቸው አልፈለገም። ቁስላቸው ገና አልጠገገም።

«እንዳታጣጥፈው» ብለው ሰጡት። ፎቶ አንስቶ ለኩባንያው ላከው።

ዓርብ ፈቃድ ወስዶ ትንሿን ራሱ ያዘ። አማቱ ከወጡ በኋላ የኩባንያው የመጨረሻ ጥያቄ ስልኩ ላይ መጣ። «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» አለ።

ትንሿ እግሩን ይዛ «አባ፣ እቀፈኝ» ትላለች። አንዴ ብቻ ቢሰማት። አንዲት ቃል። ስሙን ስትጠራ እንኳ ቢሆን። አውራ ጣቱ «አይ» ላይ ቆየ። ከዚያ ጥርሱ ታየው፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ የእሷን ድምፅ እየሰማ ሲገለፍጥ።

የሱ መሳቂያ ከምትሆን ትጥፋ፣ አለ። «አዎ» የሚለውን ነካ።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ባልደረባዋ ጻፈችለት። «ስሙ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ሌባው ባዶ እጁን ቀረ። አይዞህ።»

ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ቀለለው። ልጁን አንስቶ አቀፋት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። አማቱ ነበሩ። ትንሿ ስትሮጥላቸው አላነሷትም፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ምነው እማማ፣ ሕክምናው ቀረ?»

«ጉልበቴስ ደህና ነው፣ ልጄ።» አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ። የሚስቱ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ላይዋ ላይ «ሻለቃ» ይላል፤ ከሥሩ ፓስዎርድ። «እንዳትስቅብኝ። ሆስፒታል ሳለን አጠቃቀሙን ያሳየችኝ እሷ ናት። ‹ለሱ የተናገርኩት አለ፤ ልቡ ሲጠና ታሰሚዋለሽ› አለችኝ። እስከዚያ ጌም ቤት እየሄድኩ እኔው እሰማት ነበር። ዛሬ ግን አልገኝ አለችኝ። ምን ነክቼ ይሆን? እስቲ አንተ እይልኝ።»

ስልኩን በፊቱ ደፋና ወረቀቱን ተቀበላቸው። «እሺ እማማ» አለ።