በሜትር የተቆረጠ ብስኩት

ልብስ ሰፊው ሊጡን በሜትር እየለካ ይቆርጣል። ሜትሩን ሱቁ ውስጥ እንደሚያደርገው አንገቱ ላይ አጥልቆታል፤ ሊጥ ላይ ጠመኔ ስለማይሆን በቢላዋ ጫፍ ምልክት ያደርጋል። የተቆረጡት ብስኩቶች ትሪው ላይ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ፣ ሳያንስ ተደርድረው ምድጃው እስኪግል ይጠብቃሉ።

የሚስቱ ታናሽ እህት ካርቶንና ፕላስተር ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ትገባለች። ትሪውን ስታይ ካርቶኑን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆማ ትቀራለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ብስኩት እንደሆነ ይነግራታል። እሷም ብስኩት መሆኑ አልጠፋትም። እህቷ በሕይወቷ ሁለት እኩል ብስኩት ቆርጣ እንደማታውቅ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ገና ሳይነኩት የሚሰበር፣ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ያረረ እንደነበር ታስታውሰዋለች። ከዚያ ሌላ ሰው የሚሰማት ይመስል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

«የባለፈውንም እንዲህ አድርገህ ነው የላክኸው?»

«እኔ አጣሞ መቁረጥ አልችልበትም» ይላል።

እውነቱን ነው። አጣሞ ቢቆርጥ ኖሮ ይሄን ሁሉ ዘመን በመቀስ እንጀራ አይበላም ነበር።

ብስኩቱ የሚሄደው ባሕር ማዶ፣ ሰላም አስከባሪ ሆና ለዘመተችው ልጁ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤቱን ስታዝ ስለኖረች «ሻለቃ» ነው የሚላት፤ የእውነት ማዕረጓ ገና አስር አለቃ ነው። እናቷ በየወሩ ብስኩት ጋግራ ትልክላት ነበር። እናትየው ክረምቱ ሲገባ ሞተች። ለሻለቃ አልተነገራትም።

እንዳይነገር ያለችው የሟች እህት ናት። በሰው አገር፣ መሣሪያ ታጥቃ፣ አቅፎ የሚያስለቅሳት ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም፤ ግዳጇን ጨርሳ ስትመለስ በወገን መሃል ትሰማለች አለች። ልብስ ሰፊውም ልጁ ብቻዋን ስታለቅስ በዓይኑ መጣበትና እሺ አለ። «እናትሽ ጉሮሮዋን ታማ ሐኪም እንዳታወራ ከልክሏታል» የሚለው ውሸት የእህትየው ነው። ብስኩቱ ግን የሱ ሐሳብ ነው። ብስኩት ከቀረ ልጅቱ ትጠረጥራለች ብሎ፣ ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ሰው፣ እጁን ሊጥ ውስጥ ከተተ።

አሁን እህትየው እጅጌዋን ሰብስባ ቢላዋውን ትቀማዋለች። የተቆረጠውን ሰብስባ እንደገና ታቦካውና እንደመጣላት ትቆራርጠዋለች። እሱ ጥሩ ጨርቅ ሲበላሽ የሚያይ ይመስል ፊቱን ያዞራል። ገና ምድጃ ውስጥ ሳይገባ ብስኩቱ የእናትየውን መስሏል።

«አሁን ደግሞ ምድጃው ውስጥ እርሳው» ትለዋለች። «እሷ ከጎረቤት ጋር ቆማ ስታወራ ነበር የሚያርባት።»

ስልኩ ይጮኻል። ሻለቃ ናት። የሱም እጅ ሊጥ ስለሆነ እህትየው በክርኗ ነክታ ትከፍትና ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። ልጅቱ ደህንነታቸውን ትጠይቃለች። እነሱ ጋ ሙቀቱ እንደባሰበት፣ ውሃ በራሽን እንደሆነ፣ እሷ ግን ደህና እንደሆነች ትናገራለች። የእናቷን ጉሮሮ አትጠይቅም። ባለፈውም አልጠየቀችም ነበር፤ እህትየው ያኔ እፎይ እንዳለች አሁንም እፎይ ትላለች።

«ብስኩቱ ደርሶኛል» ትላለች ሻለቃ። ቀጥላም፣ «አባዬ፣ እጅህ ይባረክ።»

እስከ ዛሬ የምትለው «እማዬን እጅሽ ይባረክ በልልኝ» ነበር። ዛሬ እጅህ አለች። እንዲህ ያለ ቃል አፍ አዳልጦት የሚሳሳተው አይደለም። ብስኩቱን ማን እንደጋገረው፣ እናቷም እንደሌለች አውቃለች ማለት ነው።

እህትየው ሊጥ የነካ እጇን ታወዛውዛለች። «‹ለእናትሽ እነግራታለሁ› በላት» ትለዋለች ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ። ቀላል ነው። እነግራታለሁ ካለ ውሸቱ ሻለቃ እስክትመለስ ይቆያል፤ ልጅቱም ታከብርለታለች፣ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ ያውቃታል። መዋሸት ከፈለገ ጊዜ እየሰጠችው ይመስል በስልኩ ማዶ ትጠብቃለች።

«አሜን» ይላል ልብስ ሰፊው።

እህትየው እጇን ታወርዳለች። ወንበር ስባ ትቀመጥና ፊቷን በክንዷ ትሸፍናለች።

«አባዬ» ብላ ትጀምራለች ሻለቃ፤ አትጨርሰውም። ብቻዋን ታለቅሳለች ብሎ የፈራው ለቅሶ ይኸው መጣ። ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቶ ከነሊጡ በሁለት እጁ ይይዘዋል። እዚያ ቢሆን ኖሮ ሊያቅፋት አንድ እርምጃ ነበር የሚበቃው።

ያን ጊዜ ከስልኩ ውስጥ፣ ከልጁ ድምፅ ራቅ ብሎ፣ የማያውቃት ሴት ጎርናና ድምፅ ይሰማዋል። የወታደር ጫማ ኮቴ ይቀርባል፤ የብረት አልጋ ሲጥ ይላል።

«አይዞሽ» ትላለች ሴትየዋ። «ነይ፣ ወደኔ ጠጋ በይ።»