የዋርካው ስም

ባሏ ደምሰው ደረቱን ይዞ ሲወድቅ፣ ትርንጎ በስልክ አምቡላንስ ጠራች።

«የት ሰፈር ነው እናቴ?» አላት ሾፌሩ።

«አባ ጥጉ ዋርካ ሥር ነን፤ ቶሎ ድረስልኝ!»

ዋርካው ቅድመ አያቶቿ ሳይወለዱ የቆመ ነው። ስሙን ግን አምና አንድ ሆቴል የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበው፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሆቴሉ ፈቃድ እንዳይጠራ፣ ስልክ ሁሉ ያን ስም ከንግግር መሃል ቆርጦ ይውጠዋል።

«አልተሰማኝም፤ የምን ሥር?»

ደግማ ነገረችው። በስሙ ቦታ ለሾፌሩ የደረሰው ዝምታ ብቻ ነበር። የከተማው ታዋቂ ቦታ ሁሉ ተመዝግቦ ስላለቀ፣ የትኛው ስም እንደተዋጠ መገመት አይቻልም። «ትልቅ ዛፍ ያለበት፣ ከወንዙ ማዶ» አለችው፤ ወንዙ ረጅም፣ ዛፉም ብዙ ነው። የደምሰውን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ስሙን ፊደል በፊደል ቆራርሳ ሞከረች። ስልኩ ያንንም ዋጠው።

አምቡላንሱ ፈልጎ ፈልጎ ደጃፏ ሲደርስ፣ የደምሰው እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ዘወር ብሎ ዋርካውን አየ።

«እኔ እኮ እዚሁ ነው ያደግሁት» አለ። «ምነው አባ ጥጉ ዋርካ ሥር ቢሉኝ፣ እናቴ?»

ትርንጎ የባሏን እጅ ሳትለቅ ቀና አለች።

«ብዬህ ነበር ልጄ። ስጮኽልህ ነበር።»